የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብታቸውን የጣሉ

ሪቾኔ በኢጣልያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ የመዝናኛ ከተማ ናት። በ1934 የበጋ ወራት* አንዲት እንግዳ ከልጆቿ ጋር እዚያ ሰንብታ ነበር። ሴትዮዋ የኦስትርያው መራሔ መንግሥት የኤንገልበርት ዶልፉስ ሚስት ናት፤ ጋባዧ ደግሞ ቤኒቶ ሙሶሊኒ። ባሏም የሥራውን ጣጣ ጨርሶ ሊከተላት አስቦ ነበር። አልመጣም። ጁላይ 25 ቀን የኦስትርያ ናዚዎች የወታደር ልብስ ለብሰው ቪየና ከሚገኘው ጽሕፈት ቤቱ ገቡና በጥይት ገደሉት። መርዶውን ለሚስቱ የነገራት ራሱ ሙሶሊኒ ነበር።

ሙሶሊኒ መርዶ ነግሮ ብቻ አልተቀመጠም። ጦሩን ኢጣልያና ኦስትርያ ወደሚዋሰኑበት ወደ ብሬነር በር አንቀሳቀሰ። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ሂትለር ኦስትርያን ቢነካ ኢጣልያን እንደነካ ይቆጠራል ማለት ነው። ሂትለርም አፈገፈገ፤ በግድያው እጄ የለበትም አለ። በዚያ ሰሞን በአውሮፓ ምድር ሂትለርን ጦር አስጠግቶ «እረፍ!» ያለው መንግሥት ፋሺስት ኢጣልያ ብቻ ነበር። እንግሊዝም ሆነች ፈረንሣይ ከቃል መግለጫ አላለፉም።

አሁን፣ አንባቢ ሆይ፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ወደፊት እንዝለል። ማርች 12 ቀን 1938 የጀርመን ጦር የኦስትርያን ድንበር ተሻግሮ ገባ። ሙሶሊኒ በዚህ ጊዜ ዝም አለ። በዋዜማው ምሽት የሂትለር መልእክተኛ የሄሰኑ ልዑል ፊሊፕ ከሮም ስልክ ደውሎ፣ ዱቼው ነገሩን በበጎ እንደተቀበለው ባበሠረው ጊዜ፣ ሂትለር ይህን ውለታ ዕድሜውን ሙሉ እንደማይረሳ ደጋግሞ ተናግሮ ነበር።

ያው ሰው፣ ያው ድንበር፣ ያችው ኦስትርያ። ታዲያ በመካከሉ ምን መጣ?

በመካከሉ የመጣው የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ስለ ማይጨውና ስለ አርበኞቹ ተጋድሎ በአገራችን ብዙ ተጽፏል፤ ገና ብዙም ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሌላውን የነገሩን ገጽ ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያ በአውሮፓ መንግሥታት መካከል የወዳጅነት መግዣ ሆና እንዴት እንደቀረበች፣ ገዢዎቹም ዋጋውን ከፍለው ዕቃውን ሳያገኙ እንዴት ባዶ እጃቸውን እንደቀሩ ነው።

ወዳጅ የመለወጥ ልማድ

ኢጣልያ ወዳጅ በመለወጥ አዲስ አልነበረችም። በ1882 ከጀርመንና ከኦስትርያ-ሃንጋሪ ጋር የሦስትዮሽ ቃል ኪዳን ገብታ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር ግን «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ብላ ዳር ቆመች። በኤፕሪል 1915 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሣይና ከሩስያ ጋር ለንደን ላይ በምስጢር ተፈራረመችና በማግሥቱ ወር በትናንት ባልንጀራዋ በኦስትርያ ላይ ጦርነት አወጀች። ከተሰጧት ተስፋዎች አንዱ፣ እንግሊዝና ፈረንሣይ በአፍሪካ ውስጥ የጀርመንን ቅኝ ግዛቶች የወሰዱ እንደሆነ ኢጣልያም በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ወሰኖች በኩል ካሣ ታገኛለች የሚል ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ ሁለቱ ኃያላን የጀርመንን ቅኝ ግዛት ተቃረጡት፤ ለኢጣልያ የደረሳት ግን ከፍርፋሪ የማይሻል ነበር። ፋሺስቶቹ ይህን ቂም ይዘው አደጉ።

በእኛ በኩል የተጻፈውም ውል ቢቆጠር ጥቂት አይደለም። ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ኢጣልያ ከደጋፊዎቿ መካከል ነበረች፤ ይልቅስ ስታመነታ የነበረችው እንግሊዝ ናት። ሁለት ዓመት አልፎ በዲሴምበር 1925 እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ለአንዷ የጣና ግድብ፣ ለሌላዋ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ተባባሉ። ባለቤቷን አገር የጠየቀ የለም። ራስ ተፈሪ ነገሩን ለማኅበሩ አቤት ባሉ ጊዜ «አልተግባባንም እንጂ ክፉ አላሰብንም» የሚል ምላሽ መጣ። በኦገስት 1928 ደግሞ ኢጣልያና ኢትዮጵያ ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ የቆየው ሰባት ዓመት ነው።

የሮም ስጦታ

ወደ ተነሣንበት ዘመን እንመለስ። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ፈረንሣይ እንቅልፍ አጥታለች። ከብሬነሩ እርምጃ በኋላ የፓሪስ ሰዎች ኢጣልያን እንደ መድኃኒት ያይዋት ጀመር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፒየር ላቫል ሮም ድረስ ሄዶ ጃንዋሪ 7 ቀን 1935 ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። ፈረንሣይ ከሊቢያ ደቡብ የበረሃ መሬት፣ ከጅቡቲ በኩል ቁራጭ ጠረፍ፣ ከጅቡቲ - አዲስ አበባ የምድር ባቡር ኩባንያም አክሲዮን ለኢጣልያ ለቀቀች። በምስጢር ደብዳቤ ደግሞ፣ ከምድር ባቡሩና ከጅቡቲ ንግድ በስተቀር ፈረንሣይ በኢትዮጵያ ውስጥ የምትሻው የኢኮኖሚ ጥቅም እንደሌለ ተገለጸ።

ሁለቱ ሰዎች ለብቻቸው ምን ተባባሉ? ላቫል እስከ መጨረሻው «የተናገርኩት ስለ ኢኮኖሚ ብቻ ነው» አለ። ሙሶሊኒ ደግሞ «እጅህ ነፃ ነው፣ እንዳሻህ አድርግ ብሎኛል» አለ። የትኛውም ይሁን እውነቱ፣ ጊዜው ራሱ ይናገራል። የወልወል ግጭት ከደረሰ (ዲሴምበር 5 ቀን 1934) ገና አንድ ወሩ ነበር። ወልወል ከኢጣልያ ሶማሊያ ወሰን ወዲህ፣ በኢትዮጵያ መሬት ውስጥ የሚገኝ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ኢጣልያ ግን በራሷ ምሽግ አጠገብ ተደፈርኩ ብላ ካሣ ትጠይቅ ነበር። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ላቫል ይህን እያየ ነው ብዕሩን ያነሣው።

አንዲት ቃል

በማርች 1935 ሂትለር የቬርሳይን ውል ጥሶ ብሔራዊ ውትድርና አወጀ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የኢጣልያ መሪዎች ከኤፕሪል 11 እስከ 14 በሰሜን ኢጣልያ፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ባለችው በስትሬዛ ተሰበሰቡ። ራምሲ ማክዶናልድና ጆን ሳይመን ከለንደን፣ ፍላንደንና ላቫል ከፓሪስ መጡ። ሙሶሊኒ አስተናጋጅ ነው። የኦስትርያ ነፃነት እንዲከበር ተስማሙ፤ ውልን በተናጠል ማፍረስንም በሚቻለው መንገድ ሁሉ እንቃወማለን አሉ።

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ገባች። መግለጫው የሚቃወመው ሰላምን የሚያናጋ የውል ጥሰትን ነው፤ በሙሶሊኒ ፍላጎት ግን «የአውሮፓን ሰላም» ተባለ። «የአውሮፓን» የምትለዋ ቃል ለምን እንዳስፈለገች በአዳራሹ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። በዚያው ሰሞን የኢጣልያ መርከቦች ወታደርና ትጥቅ ጭነው ወደ ምጽዋና ወደ ሞቃዲሾ ይመላለሱ ነበር። ከሚኒስትሮቹ በታች ያሉ ባለሙያዎች የኢትዮጵያን ነገር በጎን አንሥተዋል፤ ሚኒስትሮቹ ግን በስብሰባው ላይ ሳያነሡት ተለያዩ። ሙሶሊኒም ዝምታን እንደ እሺታ ቆጠረው።

እንግሊዝ ስትሬዛን ያፈረሰችው ከማንም በፊት ነው። ገና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ጁን 18 ቀን 1935፣ ፈረንሣይንም ኢጣልያንም ሳታማክር ከሂትለር ጋር የባሕር ኃይል ስምምነት ተፈራረመች። ጀርመን የእንግሊዝን የባሕር ኃይል 35 በመቶ ያህል መርከብ እንድትሠራ ተፈቀደላት። በኤፕሪል ውል መጣስን ያወገዘች አገር በጁን ለውል ጣሹ ፈቃድ ሰጠች። ቀኑ ናፖሌዎን በዋተርሉ ድል የተመታበት 120ኛ ዓመት መሆኑ ለፈረንሣዮች የበለጠ መራራ ሆነባቸው።

ሁለት ፊት

በዚህ ጊዜ የለንደንና የፓሪስ ሰዎች ጭንቀት ከንቱ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቋሚ ኃላፊ ሮበርት ቫንሲታርት የመሳሰሉት፣ ዋናው አደጋ ሂትለር መሆኑን ከብዙዎች ቀድመው የተረዱ ሰዎች ናቸው። ሐሳባቸው «ጀርመንን ለመግታት ኢጣልያን አናስቀይም» የሚል ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የእንግሊዝ ሕዝብ አለ። በጁን መጨረሻ ውጤቱ በተገለጸው «የሰላም ድምፅ» ላይ ከ11 ሚልዮን በላይ ሰው ተሳትፎ፣ አብዛኛው ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ መቅጣትን ደግፎ ነበር። ምርጫ ደግሞ ደርሷል። መንግሥት ሕዝቡንም ሙሶሊኒንም እኩል ለማስደሰት ተነሣ። ሁለት ያሻ አንድ ያጣል ይባላል፤ እዚህ ግን ሁለቱም የታጡበት ነው።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1935 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ጄኔቭ ላይ ቆሞ፣ አገሩ ማናቸውንም ወረራ ከማኅበሩ ጋር በጽናትና በኅብረት እንደምትመክት ተናገረ። ንግግሩ በትናንሽ አገሮች ዘንድ ታላቅ ተስፋ አሳደረ። ተስፈኞቹ ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ሆርና ላቫል በዋዜማው ተገናኝተው ከኢጣልያ ጋር ጦርነት እንዳይከፈት፣ የስዌዝ ቦይም እንዳይዘጋ ተስማምተው ማደራቸውን ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በአራት ቀን ውስጥ ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ ማዕቀቡም ኖቬምበር 18 ቀን 1935 ሥራ ላይ ዋለ። የጦር መሣሪያ፣ ብድር፣ ከኢጣልያ የሚገዛ ሸቀጥ ተከለከለ። አውሮፕላኑንና ካሚዮኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት ግን አልተከለከለም። ሶቭየት ኅብረት ጄኔቭ ላይ ኢጣልያን እያወገዘች ነዳጅ መሸጧን አላቋረጠችም፤ የማኅበሩ አባል ያልነበረችው የአሜሪካ ኩባንያዎችም ሸጡ። ስዌዝ ክፍት ነበር፤ ጦር የጫኑት መርከቦች የቦዩን ቀረጥ እየከፈሉ አለፉ። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ ከዓመታት በኋላ ለሂትለር ሲያወጋ፣ ማኅበሩ ነዳጅ ቢከለክለኝ ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎታል።

ነዳጁን ከመከልከል ይልቅ ሆርና ላቫል በዲሴምበር 7 እና 8 ፓሪስ ላይ አንድ ዕቅድ አወጡ። ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፋፊ መሬት ለኢጣልያ ይሰጥ፤ ደቡቡ የኢጣልያ ብቸኛ የኢኮኖሚና የሰፈራ ክልል ይሁን፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ አሰብ ላይ የባሕር በርና ወደዚያ የምታደርስ ቀጭን መተላለፊያ ይሰጣት ተባለ። ነገሩ በነጋታው በፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። «ታይምስ» መተላለፊያይቱን «የግመሎች መንገድ» ብሎ ተሳለቀባት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት «ወራሪን እንቀጣለን» ለተባለ ቃል ድምፁን የሰጠው የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ዲሴምበር 18 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። የለቀቀው ግን ለስድስት ወር ብቻ ነው፤ በጁን 1936 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ።

የሂትለር ሚዛን

ይህ ሁሉ ሲሆን ሂትለር ምን ይሠራ ነበር? ነገሩ ያስገርማል፤ በ1935 በድብቅ ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ይልክ ነበር! ለእኛ አዝኖ አይደለም። ኢጣልያ በአፍሪካ ተራሮች ውስጥ በቆየች ቁጥር ብሬነርን የሚጠብቅ አይኖርም፤ ከእንግሊዝና ከፈረንሣይ ጋር በተቃቃረች ቁጥርም ወደ እሱ ትመጣለች። በሌላ እጁ ደግሞ ማዕቀብ ለተጣለባት ኢጣልያ የድንጋይ ከሰል ይሸጣል።

ስሌቱ አልሳተም። በጃንዋሪ 1936 መጀመሪያ ሙሶሊኒ የጀርመኑን አምባሳደር ፎን ሃሰልን ጠርቶ፣ ኦስትርያ በስም ነፃ ሆና በተግባር የጀርመን ተከታይ ብትሆን እንደማይቃወም ነገረው። ከብሬነር የተጀመረው ነገር ያን ቀን አበቃ። ማርች 7 ቀን ሂትለር ጦሩን ወደ ራይንላንድ አስገባ። ይህ ክልል ከጦር ነፃ እንዲሆን ያዘዘውን የ1925ቱን የሎካርኖ ውል ለማስከበር ዋስ የሆኑት እንግሊዝና ኢጣልያ ነበሩ። አንዱ ዋስ በሌላው ዋስ ማዕቀብ ተጥሎበታል፤ ማን ማንን ይጠራል? ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቀርበው በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በንግግራቸው መጨረሻ ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ጉባኤውን ጠየቁ። መልሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጣ፤ ማዕቀቡ ከጁላይ 15 ቀን ጀምሮ ተነሣ። ኔቪል ቼምበርሊን ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው ያለው ከዚያ ቀደም ብሎ በጁን ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ጀርመን በኦክቶበር 1936 የኢጣልያን «ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት» አወቀች፤ በኖቬምበር 1 ቀን ሙሶሊኒ ሚላኖ ላይ ስለ ሮምና በርሊን «አክሲስ» ተናገረ። እንግሊዝ ደግሞ የሄደውን ወዳጅ ለመመለስ ስትል በኤፕሪል 1938 ከሮም ጋር ተስማማች፤ በኖቬምበር 16 ቀን የኢጣልያን የኢትዮጵያ ገዢነት በሕግ አወቀች። ልብ በሉ፤ ይህን ዋጋ የከፈለችው ኦስትርያ ከተዋጠች ከስምንት ወር በኋላ ነው። የሚጠበቀው ነገር ጠፍቶ የጥበቃው ክፍያ ቀጠለ። በሜይ 1939 ሙሶሊኒና ሂትለር «የብረት ውል» የተባለውን ቃል ኪዳን ፈረሙ።

ግልበጣው ሲገለበጥ

ጁን 10 ቀን 1940፣ ፈረንሣይ በጀርመን ጦር ስትደቆስ፣ ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሣይ ላይ ጦርነት አወጀ። ያን ቀን የለንደን ፖሊሲ እንደ ገና ተገለበጠ። በባዝ ከተማ በስደት ሲኖሩ ማንም ሚኒስትር ሊያያቸው የማይሻ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት፣ ወሩ ሳያልቅ በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ተወሰዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ባዶሊዮ በገባ በአምስት ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ገቡ።

እንግሊዝ ፍትሕ አስታወሰች እንበል? በ1935 እና በ1938 የነበረው ፍትሕ በ1940 ከነበረው የተለየ አልነበረም፤ የተለየው ጠላቷ ነው። በጃንዋሪ 1942 የተፈረመው ስምምነት ለእንግሊዝ ሹማምንት በኢትዮጵያ አስተዳደር ውስጥ የሰጠውን ሥፍራ ያየ፣ እርዳታው በነፃ እንዳልነበር ይረዳል። ያንን ለማላላት እስከ ዲሴምበር 1944ቱ ውል ድረስ መታገል አስፈልጓል።

ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የለንደን ሐሳብ በተገለበጠ ቀን የሚይዘው ነገር ባያገኝ ኖሮ ባዶ ግልበጣ ሆኖ ይቀር ነበር። የያዘው፣ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀን፣ በሸዋ እነ አበበ አረጋይን፣ በየዱሩና በየገደሉ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎችን ነው። እነዚህ ሰዎች በኖቬምበር 1938 ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ስትሰረዝ የተፈረመውን አላነበቡም፤ ቢያነቡትም አይቀበሉትም ነበር። ኃያላኑ አገሪቱን ሸጠዋት ሲያበቁ አገሪቱ አልተሸጠችም ነበር ማለት ይቻላል።

ተዋንያኑስ? ላቫል በጀርመን ሥር በነበረችው በቪሺ ፈረንሣይ መንግሥት መርቶ በኦክቶበር 1945 በአገር ክሕደት ተረሸነ። ይኸው ሰው በሜይ 1935 ከሶቭየት ኅብረት ጋር ጀርመንን የሚቃወም ውል የፈረመ ነው። ሙሶሊኒ በኤፕሪል 1945 በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ሞተ። ከዚያ ቀደም ኢጣልያ ራሷ እንደ 1915ቱ ሁሉ ወዳጇን ለውጣ ነበር፤ በኦክቶበር 1943 በጀርመን ላይ ጦርነት አውጃለች።

ስትሬዛ ላይ ወደ ገባችው ቃል እንመለስና እናብቃ። «የአውሮፓን ሰላም» ያሉት ሰዎች ሰላም ሊከለል የሚችል መስሏቸው ነበር። ከዚህ ወዲህ ያለው ሰላም የእኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቢፈርስ አይነካንም፤ እንዲያውም በዚያኛው ይህኛውን እንገዛበታለን ብለው አሰቡ። አጥሩ ግን የቆመው በእነሱ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነበር። በትግራይና በኦጋዴን ላይ ዝም ያሉበት ዝምታ በራይንላንድ በኩል ዞሮ ቪየና ገባ፤ ከቪየና ፕራግ፣ ከፕራግ ዋርሶ ደረሰ። በ1940 ደግሞ ቦምቡ ለንደን ላይ ወደቀ፤ ፓሪስም ተያዘች። የቆጡን ለማውረድ እጅ ሲዘረጋ የብብቱ የሚወድቀው፣ የብብቱ ነገር ዋጋ የሌለው መስሎ ስለሚታይ ነው። ከወደቀ በኋላ ግን የቆጡም አልወረደም።

* በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባሉትና ከእነሱ ጋር በኢትዮጵያ ወር ስም ከተጠቀሱት በስተቀር፣ ቀናቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።